ለዝሆን የሚመጠን ጠመንጃ፦ የካሊበር ክርክርና የራስ ቅሉ መልስ

(በፋኩልቲው የአደባባይ ንግግር መርሐ ግብር ከቀረበው ንግግር የድምፅ ቅጂ የተጻፈ)



የዛሬውን ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያነበቡ አንዳንድ ባልደረቦች፣ የዱር እንስሳት ጥበቃን የሚያስተምር ሰው ስለ ዝሆን መግደያ ጠመንጃ ሊናገር መነሣቱ እንግዳ ነገር እንደ ሆነባቸው ነግረውኛል። መልሴ አጭር ነው። እዚህ ከተቀመጣችሁት ተማሪዎች መካከል አንዳንዶቻችሁ ነገ የፓርክ ኃላፊዎች ትሆናላችሁ። የቆሰለ ዝሆን መንደር ገብቶ ሰው ገደለ የሚል መልእክት በእኩለ ሌሊት የሚደርሰው ከእናንተ አንዱ ነው። ይህ ሰው በእጁ ያለው መሣሪያ ምን ማድረግ እንደሚችልና ምን ማድረግ እንደማይችል ካላወቀ ሁለተኛ ሰው ይሞታል፤ እንስሳውም ጥይት ተሸክሞ ለቀናት ይሠቃያል። በሀገራችን ዝሆን የአደን ፈቃድ የሚሰጥበት እንስሳ አይደለም። ቦትስዋና እ.ኤ.አ. በ2014 የከለከለችውን አደን በ2019 እንደገና ፈቅዳለች፤ በዚምባብዌ፣ በናሚቢያና በታንዛኒያም በፈቃድ ይታደናል። ይህ ተገቢ ነው አይደለም የሚለውን ሌላ ቀን እንከራከርበታለን፤ እኔም የምለው አለኝ። የዛሬው ጥያቄ ጠባብ ነው፦ ዝሆንን በአንድ ጥይት፣ ሳያሠቃይ ለመጣል የሚመጠን ጠመንጃ የትኛው ነው?

ጥያቄው በአዳኞች ዘንድ ሲነሣ መልኩ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ስንት ካሊበር ይበቃል?» ይባላል። እኔ ግን ይህ ጥያቄ ከመጀመሪያው ረድፍ ተነሥቶ በሦስተኛው ረድፍ መቀመጥ አለበት ባይ ነኝ። በመጀመሪያው ረድፍ የሚቀመጠው ጥይቱ የት መድረስ አለበት የሚለው ነው። በሁለተኛው ረድፍ፣ ጥይቱ ሳይጣመምና ሳይፈርስ እዚያ ይደርሳል ወይ የሚለው ይቀመጣል። የአፈሙዙ ስፋት የሚታሰበው ከእነዚህ በኋላ ነው፤ ያውም በዋናነት ተኳሹ በስተ ጊዜ።

ነገሩን ከራሳችን ምድር እንጀምረው። እ.ኤ.አ. በ1861 ሳሙኤል ቤከር የተባለው እንግሊዛዊ የዓባይን ገባር ወንዞች ሊመረምር ወደ አትባራና ወደ ሰቲት፣ ማለትም ወደ እኛው ተከዜ የታችኛው ክፍል መጣ። የጉዞውን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1867 አሳትሞታል። ዛሬ የቃፍታ ሽራሮ ብሔራዊ ፓርክ ዝሆኖች የሚኖሩት በዚሁ ወንዝ ዳር ስለ ሆነ፣ መጽሐፉ ለእኛ ከአደን ታሪክ የበለጠ ነገር አለው። ቤከር በዚያ ያገኛቸው የሐምራን ዐረቦች ዝሆንን የሚያድኑት በሰይፍ ነበር። አንዱ ፈረሰኛ ከፊት ሆኖ ዝሆኑን እያስቆጣ ያስከትለዋል። ሌላው ከኋላ ደርሶ ከፈረሱ ይወርድና ከተረከዙ ከፍ ብሎ ያለውን ጅማት በአንድ ምት ይቆርጠዋል። ዝሆን በሦስት እግር መራመድ አይችልም፤ እዚያው ይቆማል። ከቤከር ዘጠና ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በዚያ በኩል ያለፈው ጄምስ ብሩስም ስለ እነዚህ ሰይፈኞች ጽፏል። የሐምራን ሰው ስለ ጁልና ስለ ካሊበር የሰማው ነገር አልነበረም፤ የእንስሳውን አካል ግን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

ቤከር ራሱ ይዞት ከመጣው መሣሪያ አንዱ የለንደኑ ሆላንድ የሠራለት፣ ግማሽ ፓውንድ ማለትም 227 ግራም ያህል የሚመዝን ፈንጂ ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ ነበር። እርሱ «ሕፃኑ» እያለ ሲጠራው፣ ዐረቦቹ ግን «የመድፍ ልጅ» የሚል ስም አወጡለት። (ሣቅ) ርግጫው ተኳሹን ከቆመበት የሚያዞር ስለ ነበረ ቤከር እምብዛም አይተኩሰውም፤ በተኮሰው ቁጥር ግን አውሬው መውደቁን ይመሰክራል። ለእኛ የሚጠቅመን ሌላው ምስክርነቱ ነው። ቤከር ወደ አፍሪካ ከመምጣቱ በፊት በሲሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ፣ ለዓመታት የእስያን ዝሆን አድኗል። በዚያ ዝሆንን ግንባሩን መትቶ በአንድ ጥይት መጣል የለመደው ነገር ነበር። ወደ ሰቲት መጥቶ በዚያው ልማድ ግንባር ሲመታ ግን የአፍሪካው ዝሆን አልወድቅ አለው። ሰውየው ያው ነው፤ ባሩዱም ያው ነው፤ የተለወጠው የራስ ቅሉ ነው። ቤከርም መርምሮ፣ የአፍሪካን ዝሆን ግንባር ማመን አይገባም፣ ትከሻውን መምታት ይሻላል ወደሚል መደምደሚያ ደረሰ።

እስቲ የራስ ቅሉን በዚህ ሥዕል ላይ እንየው። ይህ እንደ ግንብ የሚታየው ግንባር በውስጡ አንጎል የለውም። አጥንቱ እንደ ማር እንጀራ በቀዳዳ የተሞላ፣ አየር የያዘ ነው። እንስሳው ኩምቢውን፣ ጥርሱንና መንጋጋውን የሚሸከሙ ጡንቻዎች የሚጣበቁበት ሰፊ ገጽ ያስፈልገዋል፤ ያ ሁሉ ጠጣር አጥንት ቢሆን ኖሮ አንገቱ ሊሸከመው አይችልም ነበር። አንጎሉ ወደ 5 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በ5 እና በ6 ቶን መካከል ለሚመዝን ወንድ ዝሆን ይህ ከሺህ አንድ ያህል እጅ ነው። የሚገኘውም ወደ ኋላና ወደ ታች ገባ ብሎ፣ በሁለቱ ጆሮ ቀዳዳዎች መካከል ነው።

ከአንደኛው ጆሮ ቀዳዳ ወደ ሌላው የሚያልፍ ዘንግ በሐሳባችሁ ሳሉ። አንጎሉ ከዚያ ዘንግ ጥቂት ቀደም ብሎ ተቀምጧል። ከጎን የሚተኩስ ሰው ከጆሮው ቀዳዳ ጥቂት ወደ ፊት ያነጣጥራል፤ የሚያልፈው አጥንትም በአንጻሩ ስስ ነው። ከፊት ለፊት የሚተኩስ ሰው ግን የዚያን ዘንግ መካከል መፈለግ አለበት። እዚህ ላይ ብዙዎች ይስታሉ፤ «በሁለቱ ዓይኖች መካከል ምታ» የሚለው ምክር ዝሆኑ ራሱን በአንድ ዓይነት ሁኔታ ሲይዝ ብቻ ነው የሚሠራው። ራሱን ቀና ካደረገ የጥይቱ መግቢያ ከዓይኖቹ መስመር ዝቅ ይላል፤ ካጎነበሰ ከፍ ይላል። የሚመጣ ዝሆን ራሱን በየቅጽበቱ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ከፊት ሲመታ ጥይቱ በቆዳ፣ በኩምቢው ሥር ሥጋና በዚያ ቀዳዳማ አጥንት ውስጥ ግማሽ ሜትርና ከዚያም በላይ ቀጥ ብሎ መጓዝ ይኖርበታል። ቀጥ ብሎ የሚለውን ቃል ያዙልኝ።

ልብና ሳንባን መምታትም ይገድላል። ነገር ግን ሞቱ የሚመጣው በደም መፍሰስ ነውና እንስሳው እስኪወድቅ ድረስ ብዙ ርቀት ይሮጣል፤ በጥሻ ውስጥ ሊጠፋ ወይም ወደ ተኳሹ ሊዞር ይችላል። ሳያሠቃይ ከተባለ እንግዲህ ዒላማው አንጎሉ ነው፤ በቅርብ ርቀት ከሚመጣ ዝሆን ፊት የቆመ ሰውም ሌላ ምርጫ የለውም።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ እንምጣ። በጥቁር ባሩድ ዘመን የአንድ ጠመንጃ ስፋት የሚለካው ከአንድ ፓውንድ እርሳስ ስንት ድቡልቡል ጥይት ይወጣል በሚል ነበር። ባለ 4 ቁጥር ማለት እያንዳንዱ ጥይት ሩብ ፓውንድ፣ 113 ግራም ያህል ነው ማለት ነው። ጥቁር ባሩድ ጥይትን ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ሊወረውር ስለማይችል፣ ኃይል ለመጨመር የነበረው መንገድ ክብደት መጨመር ብቻ ነበር። ፍሬድሪክ ሴሉስ በ1870ዎቹ መጀመሪያ በደቡባዊ አፍሪካ በአፈሙዛቸው በሚጎርሱ ርካሽ ባለ 4 ቁጥር ጠመንጃዎች በሦስት የአደን ወቅቶች 78 ዝሆን ገድሏል። በኋላ ግን የእነዚያ ጠመንጃዎች ርግጫ ነርቩን እንደ ጎዳውና የተኩስ ችሎታውን ለዘለቄታው እንዳበላሸበት ጽፏል። ይህን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ጭስ አልባው ባሩድ ሲመጣ ስሌቱ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1898 የለንደኑ ጆን ሪግቢ ባለ 450 ናይትሮ ኤክስፕረስን አወጣ፤ 31 ግራም የሚመዝን ጥይት በሴኮንድ 655 ሜትር ያህል የሚወረውር ሲሆን ጉልበቱ ወደ 6,700 ጁል ይደርሳል። ቁጥሩ የሚነግረን የአፈሙዙን ስፋት በኢንች ሺህኛ ነው፤ 450 ማለት 11.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ 465፣ 470፣ 475 እያሉ የሚመጡ ቁጥሮችን የሚያይ ተማሪ፣ አዳኞች በየጊዜው ስለ ዝሆን አዲስ ነገር እያገኙ የሄዱ ሊመስለው ይችላል። እውነቱ ሌላ ነው። እንግሊዞች በሕንድና በሱዳን የባለ 450 ጥይት እንዳይገባ ከለከሉ፤ ፍርሃታቸው በዐማፅያን እጅ የነበረው የማርቲኒ ሄንሪ ጠመንጃ ጥይት ያገኛል የሚል ነበር። የጠመንጃ ሠሪዎችም ሕጉን ለማለፍ ቁጥሩን ጥቂት ከፍ እያደረጉ አዳዲስ ጥይት አወጡ። እንግዲህ እስከ ዛሬ በአዳኞች መካከል ጦር የሚያማዝዘው የ465 እና የ470 ልዩነት ከእንስሳው አካል ሳይሆን ከቅኝ ግዛት ጸጥታ ደንብ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 የወጣው 416 ሪግቢና በ1912 የወጣው 375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ማግነም ግን በእውነት አዲስ ሐሳብ ይዘው መጥተዋል፤ ሁለቱም ረዘም ያለ ጥይትን በከፍተኛ ፍጥነት፣ ዋጋው በማይከብድ ባለ መዝጊያ ጠመንጃ ይተኩሳሉ።

በዚህ መካከል ነው ክርክሩን ሁሉ የሚያናጋው ሰው የሚመጣው። ስኮትላንዳዊው ዋልተር ቤል ከ20ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ጀምሮ በካራሞጃ፣ በላዶና በሌሎችም ቦታዎች ከአንድ ሺህ በላይ ዝሆን ገድሏል። እ.ኤ.አ. በ1923 ካሳተመው መጽሐፍ አንዱ ምዕራፍ በእኛው ጋምቤላ በጊሎ ወንዝ ረግረግ ስላደረገው ጉዞ የሚናገር ነው። ከእነዚያ ዝሆኖች አብዛኞቹን የጣለው በ7 ሚሊ ሜትር ሞዘር ጥይት ነው። ጉልበቱ 2,700 ጁል ገደማ ነው፤ ከ450ው ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ይህ እንዴት ሆነ? ሁለት መልስ አለው፤ አንዱ የቤል ነው፣ ሌላው የጥይቱ። ቤል የዝሆን የራስ ቅል በመጋዝ አስቆርጦ አንጎሉ የት እንዳለ አጥንቷል፤ ከኋላ በሰያፍ እንዴት እንደሚደረስበት ሳይቀር ያውቅ ነበር። የጥይቱን መልስ ለማየት ደግሞ አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ፤ የጥይቱን ክብደት ለአፉ ስፋት እናካፍል። የቤል ጥይት 11.2 ግራም ነው፤ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 27 ግራም ይጭናል። ባለ 375ቱ 19.4 ግራም ነው፤ እርሱም 27 ግራም ይጭናል። ባለ 470ው 32.4 ግራም ሲሆን 28 ግራም ይጭናል። አያችሁ፤ ጥልቀትን በሚመለከት የቤል ቀጭን ጥይት ከታላላቆቹ እኩል ነበር። ጠባብ ጉድጓድ ይቆፍራል እንጂ አጭር አይቆፍርም።

አያቶቻችን ዝሆን ያደኑበትን ውጅግራ በዚሁ ሚዛን ላይ እናስቀምጠው። ስሙ የመጣው ግራ ከተባለው የ1874 የፈረንሳይ ጠመንጃ ሲሆን 11 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። 25 ግራም የሚመዝነውን ጥይት በሴኮንድ 450 ሜትር ያህል ይወረውራል፤ ጉልበቱ ወደ 2,500 ጁል ነው። በጉልበት ከቤል ሞዘር ብዙ አይርቅም፤ በካሬ ሴንቲ ሜትርም 25 ግራም ይጭናል። ልዩነቱ የውጅግራው ጥይት ልብስ የሌለው እርሳስ መሆኑ ነው። እርሳስ አጥንት ሲነካ ይጨፈለቃል፤ ሲጨፈለቅ ገጹ ይሰፋል፤ ገጹ ሲሰፋ ይቆማል። የቤል ጥይት ግን ሙሉ በሙሉ ጠንካራ ብረት የለበሰ፣ አፍንጫው ድቡልቡል የሆነ የወታደር ጥይት ነበር።

የአፍንጫው ቅርጽ ለምን እንዲህ እንደሚያስጨንቀኝ ላስረዳ፤ ከፊዚክስ ክፍል የመጡ ባልደረቦች ይታገሡኝ። ጥይት በአየር ውስጥ ሳይገለበጥ የሚሄደው በአፈሙዙ ጠመዝማዛ መስመሮች ምክንያት ስለሚሽከረከር ነው። የእንስሳ አካል ግን ከአየር ስምንት መቶ ጊዜ ያህል ይወፍራል። ጥይቱን የሚገለብጠው ኃይል በዚያው መጠን ሲያድግ ሽክርክሪቱ ባለበት ይቀራል። ስለዚህ አካል ውስጥ ከገባ በኋላ የሚያድነው ቅርጹ ብቻ ነው። ሹል አፍንጫ ያለው ጥይት ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሆነ ብዙም ሳይሄድ ይገለበጣል፤ በጎኑ እየተጓዘም ከመንገዱ ይወጣል። ድቡልቡል አፍንጫና ቀጥ ያለ ጎን ያለው ብዙ ይታገሣል። ከሁሉ የሚሻለው ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነው ነው። ጠፍጣፋው ፊት የሚገጥመውን ሥጋ ወደ ጎን ስለሚገፋ፣ ጥይቱ በከፈተው ባዶ ቦታ ውስጥ ጎኑ ሳይነካ ያልፋል፤ ጥቂት ሲያዘነብል ትከሻው ግድግዳውን ነክቶ ወደ መንገዱ ይመለሳል። ዛሬ ከአንድ ወጥ ናስ ወይም መዳብ የሚሠሩት የዝሆን ጥይቶች ብዙዎቹ ፊታቸው ጠፍጣፋ የሆነው ለዚህ ነው። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የዓለም ጦር ሠራዊቶች ሩቅ እንዲደርስላቸው የጥይታቸውን አፍንጫ አሾሉ። ቤል ያንኑ ሞዘር ይዞ በሹል ጥይት ቢያድን ኖሮ ስሙን ዛሬ ባልጠራን ነበር፤ ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ስሌቱ ግን ይደግፈኛል።

ታዲያ 7 ሚሊ ሜትር ይበቃል ማለት ነው? አይደለም። ቤል ያደነው አብዛኛውን ጊዜ ጠመንጃ ያልለመዱ መንጎችን ነው፤ ተኩሱ ካልተመቸው ትቶ መሄድ ይችል ነበር፤ እጁም እንደ ጥቂቶች ብቻ የረጋ ነበር። ደግሞም በቀጭን ጥይት ሞክረው የሞቱት መጽሐፍ አልጻፉም። ከተረፉት ምስክርነት ብቻ ሕግ ማውጣት ምን ያህል እንደሚያሳስት የስታቲስቲክስ መምህሮቻችሁ ነግረዋችኋል።

የካሊበር ትክክለኛ ቦታ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ጥይቱ አንጎሉን በጥቂት ጣት ቢስት ምን ይሆናል? ወፍራምና ከባድ ጥይት በራስ ቅሉ ውስጥ በሚፈጥረው ድንጋጤ ዝሆኑ ተንበርክኮ ሊወድቅ ይችላል፤ ተኳሹም ሁለተኛ ጥይት የሚተኩስበት ጊዜ ያገኛል። ቀጭኑ ጥይት ይህን አያደርግም። ጆን ቴይለር የተባለው አየርላንዳዊ አዳኝ እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን በቁጥር ሊገልጽ ሞክሯል፤ የጥይቱን ክብደት በግሬን፣ ፍጥነቱን በጫማ በሴኮንድ፣ ስፋቱን በኢንች አባዝቶ ለ7,000 አካፈለ። በዚህ ቀመር ባለ 600ው 155፣ ባለ 470ው 72፣ ባለ 375ቱ 41፣ የቤል ሞዘር 16 ያገኛሉ። ቀመሩ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ ክብደትና ፍጥነት ተባዝተው እንደገና በስፋት ሲባዙ የሚገኘው ነገር በፊዚክስ ስም የለውም። የአንድ ልምድ ያለው ሰው ትዝብት በቁጥር ተጽፎ እንጂ ሌላ አይደለም። ብዙዎች ግን የአንጎሉን መሳት ግምት መሆኑን ረስተው የጠመንጃ ሁሉ ደረጃ አድርገውታል። ቴይለር ራሱ 41 ብቻ የሰጠውን 375 እጅግ ይወደው እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል።

የዚህ ዋስትና ዋጋ ርግጫው ነው። ጥይቱን ብቻ ብንቆጥርና ባሩዱን ብንተወው፣ 5 ኪሎ ግራም የሚመዝን ባለ 470 ጠመንጃ በሴኮንድ 4.2 ሜትር ወደ ትከሻ ይመለሳል፤ 3.5 ኪሎ ግራም የሆነው ሞዘር በ2.2 ሜትር። በጉልበት ሲሰላ 45 ጁል ለ9 ነው፤ አምስት እጥፍ። ሰው ይህን ሲጠብቅ ቃታውን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውን ይሰበስባል። ሴሉስ ላይ የደረሰው ይኸው ነበር። እንግዲህ ወፍራሙ አፈሙዝ የስሕተትን ጉዳት ይቀንሳል፤ ስሕተቱ የሚመጣበትን ዕድል ደግሞ ይጨምራል። እነዚህ ሁለቱ የሚመጣጠኑበት ነጥብ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ለዚህ ነው ለሁሉ የሚሆን አንድ ቁጥር የሌለው።

ሕግ አውጪ ግን የሰውን እጅ መርጋት ሊለካ አይችልም፤ ስለዚህ የሚለካውን ይለካል። ዚምባብዌ ለዝሆን ቢያንስ 9.2 ሚሊ ሜትር ስፋትና 5,300 ጁል ጉልበት ትጠይቃለች። ባለ 375ቱ 9.5 ሚሊ ሜትርና ወደ 5,750 ጁል ስለሆነ ያልፋል። ድንበሩ ምክንያታዊ ነው እላለሁ። ከካሊበሩ ጎን የጥይቱ አሠራር በግልጽ ቢጻፍ ግን የበለጠ ይጠቅም ነበር፤ በባለ 470 የሚተኮስ ለስላሳ አፍንጫ ያለው ጥይት ቁጥሩን ሁሉ ያሟላል፣ ከፊት ሲተኮስ ግን አንጎል ጋር ላይደርስ ይችላል።

ባለ ሁለት አፈሙዝ ወይስ ባለ መዝጊያ በሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። ዝሆን ሲፈጥን በሴኮንድ 7 ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ከ20 ሜትር ከተነሣ ያላችሁ ጊዜ ሦስት ሴኮንድ አይሞላም። ባለ ሁለት አፈሙዙ ሁለተኛውን ጥይት ወዲያው ይሰጣል፤ ሦስተኛውን ግን አይሰጥም፤ ዋጋውም በእጅ ስለሚሠራ የቤት ዋጋ ነው። ባለ መዝጊያው አራትና አምስት ጥይት ይይዛል፤ ያልሠለጠነ እጅ ግን መዝጊያውን አጋምሶ ይመልሰዋል።

ወደ እኛ ሀገር ልመለስ። በምሥራቅ አፍሪካ ሕገ ወጥ አዳኝ እጅ የሚገኘው ክላሽንኮቭ ነው፤ በፓርክ ጠባቂዎቻችን ትከሻ ላይ ያለውም ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። በሠራነው ሚዛን ላይ አስቀምጡት፦ 8 ግራም፣ 2,000 ጁል፣ በካሬ ሴንቲ ሜትር 16 ግራም፣ አፍንጫው ሹል። ከቤል ሞዘር ጋር አንድ ላይ «ትንሽ ካሊበር» ተብሎ ይመደባል፤ በሥራው ግን አይገናኝም። ዝሆን ላይ ሲተኮስ ቆዳና ሥጋ ውስጥ ይገለበጣል፤ ከፊት አንጎል ጋር ይደርሳል ብሎ ማመን አይቻልም። ሕገ ወጥ አዳኙ ይህን የሚያካክሰው በጥይት ብዛት ነው፤ ውጤቱ በደምና በቁስል ምርቀዛ ከቀናት በኋላ የሚሞት እንስሳ ነው። አንዳንዱ አይሞትም፤ ያ ነው መንደር ገብቶ የሚገኘው። በዚያች ሌሊት ጠባቂው በዚያው መሣሪያ ቢገጥመው ሁለተኛ ቁስል ከመጨመር ያለፈ ነገር አያደርግም። የአፍሪካ ሳቫና ዝሆን እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ተመድቧል፤ ጥቂት መንጋ ብቻ ለቀረበት ሀገር አንድ በከንቱ የቆሰለ ዝሆን ቀላል ሂሳብ አይደለም።

ንግግሬን እዚህ ላይ ልግታው፤ ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።

ጥያቄ (የድኅረ ምረቃ ተማሪ)፦ መምህር፣ ውጅግራ እንዲህ ደካማ ከሆነ አያቶቻችን ዝሆን ገድለው እንዴት ፎከሩ?

መልስ፦ ደካማ አላልኩም፤ ለግንባር አይሆንም ነው ያልኩት። ከጎን፣ ከቅርብ፣ ከጆሮው ፊት ለተኮሰ ሰው አጥንቱ ስስ ስለሆነ እርሳሱም ይደርሳል። የልብና የሳንባ ምትም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ዱካ እየተከተሉ መዋልና ማደር ነው። ፉከራው የሚገባውም ለዚህ ይመስለኛል፤ በውጅግራ ለመግደል የሚያስፈልገው ቅርበት ዛሬ በ470 ከሚተኩሰው ባለጸጋ ቱሪስት ርቀት ጋር አይወዳደርም። (ሣቅ)

ጥያቄ (የፋኩልቲው መምህር)፦ ዶክተር፣ አንድ የፓርክ ጽሕፈት ቤት ለእንዲህ ያለ አደጋ አንድ ጠመንጃ ብቻ ይግዛ ቢባል ምን ይመክራሉ?

መልስ፦ ባለ 375፣ በሞዘር ሥርዓት የተሠራ ባለ መዝጊያ፤ የጥይቱን ቀለህ ከመነሻው ጥርቅም አድርጎ ይዞ የሚያወጣው ዓይነት፣ በተጨነቀ እጅ ውስጥ እንዳይነክስ። መነጽር ሳይሆን ተራ የብረት ማነጣጠሪያ ይኑረው፤ ተኩሱ ከ20 ሜትር ነውና። ጥይቱ ፊቱ ጠፍጣፋ፣ አንድ ወጥ ይሁን። በጀቱ ሲዘጋጅ ከጠመንጃው ዋጋ ጎን የልምምድ ጥይት ይያዝ፤ አንድ ሰው ለይቶ ዓመቱን ሙሉ የሚለማመድበት። ጠንከር ያለ ትከሻ ያለው ተኳሽ ከተገኘ 416ን አልቃወምም። ክላሽ ብቻ የያዙት ጠባቂዎች ግን መመሪያቸው በጽሑፍ ይሰጣቸው፦ ዝሆኑ ላይ አይተኩሱም፤ ሰውን ያርቃሉ፣ በድምፅና በእሳት መንገዱን ያስለውጣሉ፣ ባለ 375ቱ እስኪመጣ ይጠብቃሉ።

የራስ ቅሉን በአካል ማየት የምትፈልጉ፣ ለሁለት የተከፈለው ናሙና ላቦራቶሪው ውስጥ አለ፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሩ ክፍት ነው።